ሰባት ደቂቃ ክፍል ፊት፦ የኮሌጅ ፕረዘንቴሽን ከዝግጅቱ እስከ ጥያቄው

የመጀመሪያ ፕረዘንቴሽኔን ባቀረብኩ ቀን ሁለተኛው ስላይድ ላይ መብራት ጠፋ። ርዕሱን ሁለት ሳምንት ለፍቼበታለሁ፤ 18 ስላይድ ነበረኝ። መምህሩ «ችግር የለም፣ በቃልህ ቀጥል» ሲሉኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት አቃተኝ። የለፋሁት ሁሉ ግድግዳው ላይ ነበር፤ እኔ ውስጥ ምንም አልቀረም። ዛሬ ደሴ ውስጥ መምህር ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተማሪዎቼን ሳዳምጥ ያው ነገር ይታየኛል። አንብበው፣ ጠይቀው፣ ሌሊት አምሽተው የሠሩ ልጆች ፊታቸውን ወደ ስላይዱ አዙረው ያነባሉ። በጣም ያሳዝነኛል፤ የጎደላቸው ችሎታ ስላልሆነ። ከሁሉ በኋላ መሠራት ያለበትን ስላይድ ከሁሉ በፊት ስለሠሩት ነው።

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ለሚወስድ የክፍል ገለጻ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ርዕስ ይዘን እንሂድ፦ የደሴ የመሬት መንሸራተት። ጂኦሎጂ፣ ጂኦግራፊ ወይም ሲቪል ኢንጂነሪንግ ለሚማር ሊደርሰው የሚችል ርዕስ ነው። ሌላ ትምህርት የምትማሩ የራሳችሁን ርዕስ በቦታው እየተካችሁ ተከተሉኝ። የተሰጣችሁ ጊዜ 7 ደቂቃ፣ ለጥያቄ ደግሞ 3 ደቂቃ ነው እንበል።

1. ርዕሱን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አምጡት

«የደሴ የመሬት መንሸራተት» ገና ርዕስ ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ምን እንደምትሉ አይናገርም። አብዛኛው ተማሪ ርዕሱ እንደደረሰው ትርጉም፣ ዓይነት፣ መንስኤ፣ ጉዳት፣ መፍትሔ ብሎ ይከፋፍለዋል። ይህ የመጽሐፍ ማውጫ ነው፤ 7 ደቂቃ አይበቃውም። ቢበቃው እንኳ ከክፍል ሲወጣ የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም።

ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዛሬ የቀረ ጓደኛችን ማታ ዶርም ውስጥ «እነ እገሌ ምን አሉ?» ቢል፣ የሰማው ልጅ በአንድ ትንፋሽ ምን ይመልስለታል? ያ መልስ የእናንተ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምሳሌአችን ይህን እንውሰድ፦ «ደሴ ላይ ቁልቁለቱን የሚያንሸራትተው ዝናቡ ብቻውን አይደለም፤ ዝናቡ ሲደርስ የቁልቁለቱ እግር ቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀዋል።»

አሁን ምን መያዝ፣ ምን መተው እንዳለባችሁ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይነግራችኋል። ከተማዋ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ሸለቆ መሆኗ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ከላይ የወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ መከማቸቱ ይገባል። የቦርከና ወንዝ ከሥር መሸርሸሩ፣ ሰውም ለቤትና ለመንገድ ብሎ ቁልቁለቱን መቁረጡ ይገባል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው አፈሩ እንደሚከብድና በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውሃ መያያዣቸውን እንደሚያላላው ይገባል። በሌላ አገር የደረሱ አደጋዎች ዝርዝርና የመንሸራተት ዓይነቶች ሠንጠረዥ ግን ይውጡ። አትጣሏቸው፤ ለጥያቄ ሰዓት ደብተራችሁ ላይ ይቆዩ።

ይህ እርምጃ ከሌሎቹ ሁሉ ረጅም ጊዜ ቢወስድባችሁ አትደንግጡ። አንድ ሙሉ ምሽት ቢፈጅ ይገባዋል።

2. ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት ለሰው አውሩት

ትምህርታችሁን የማያውቅ ሰው ፈልጉ። ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ አከራያችሁ አሉ፤ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ እናት ወይም አያት አለ። ቡና ሲፈላ ጥሩ ሰዓት ነው፤ ሰው ተቀምጦ ይሰማል፣ አንዱ ስኒ ከሌላው እስኪደርስ ጊዜ አለ። «እትዬ፣ ጦሳ ሥር ያለው መሬት ለምን እንደሚሄድ ልንገርዎት?» በሉና በአማርኛ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ስልክ ጀምሩ።

እያወራችሁ ፊታቸውን እዩ። ግንባራቸው የተቋጠረበት ቦታ እናንተም ያልገባችሁ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ከመጽሐፉ ይበልጣል። አንዲት ተማሪዬ ይህንኑ ርዕስ ለአክስቷ ስትነግር አክስቷ «ታዲያ ድሮም ይዘንብ አልነበር? ምን አዲስ ነገር መጣ?» አሏት። ልጅቷ መልሱን ፍለጋ ወጥታ ስለ ቁልቁለት መቆረጥ ያነበበችው ያን ጊዜ ነው። በገለጻዋም ቀን የጀመረችው በአክስቷ ጥያቄ ነበር፤ ክፍሉ ቀጥ ብሎ አዳመጣት።

በቶናው ሌላ ሰው ከመጣ እንደገና አውሩት። በሁለተኛው ጊዜ የምታሳጥሩት ነገር በገለጻውም ቀን ማጠር ያለበት ነው።

3. ወደ እንግሊዝኛ አሻግሩት

የኮሌጅ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ መምህሩ በአማርኛ ካልፈቀዱ በስተቀር ገለጻችሁም በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከኢንተርኔት ያገኘውን ረጅም ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይይዛል፤ አንዲት ቃል ስትጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል።

በቡናው ሰዓት ያወራችሁትን በአእምሯችሁ ያዙና አጭር አጭር አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ በሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ይናገር። በቃል የሚያዙት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። መሐሉን በቁልፍ ቃላት ያዙት፤ የእጅ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ስድስት ወይም ሰባት ቃል ይበቃል። የሙያ ቃላቱን ድምፅ ሰጥቶ በሚያነብ የስልክ መዝገበ ቃላት ሰምታችሁ ጮክ ብላችሁ ደጋግሙ። ቃሉን በዓይን ማወቅና በአፍ ማውጣት ይለያያሉ። መድረክ ላይ ምላስ የሚታሰረው በዓይን ብቻ በሚታወቀው ቃል ነው።

የጽሑፋችሁን ቃላት ቆጥራችሁ ሰዓቱን ለመገመት ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። በአማርኛ «አልነገርኳችሁም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አምስት ቃል ሊሆን ይችላል። በአማርኛ አዘጋጅታችሁ በእንግሊዝኛ የምታቀርቡ ከሆነ የቃል ቆጠራ ያታልላችኋል። የሚታመነው ሰዓት ነው።

4. የሚታይ ወይም የሚዳሰስ ነገር አምጡ

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ፤ ሳይታክቱ እንዲሞክሩት የማደርገውም እሱን ነው። አንድ እውነተኛ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሲያንቀላፋ የነበረው ተማሪ ሁሉ አንገቱን ያቀናል።

ለምሳሌአችን የሚያስፈልጉት ሁለት ትሪ፣ ከሜዳ የተወሰደ አፈር፣ ማንኪያና ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ናቸው። የሃይላንዱን ክዳን በመርፌ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ዝናባችሁ እሱ ነው። አፈሩን ትንሽ አርጥባችሁ በሁለቱም ትሪ ላይ አንድ ዓይነት ቁልቁለት ሥሩ። የአንዱን እግር በማንኪያ ቁረጡት፣ ሌላውን ተዉት። ከዚያ በሁለቱም ላይ እኩል ውሃ አውርዱ። እግሩ የተቆረጠው ቀድሞ ሲናድ ክፍሉ ዓረፍተ ነገራችሁን በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ አትሞክሩት። ንጹሕ አሸዋ ገና ሳይነኩት ይፈርሳል፤ በጣም የሚጣበቅ መረሬ አፈር ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ዝም ይላል። እየቀላቀላችሁ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሞክሩ። የተሳካውን በስልክ ቅረጹት፤ በዕለቱ እንቢ ካለ ቪዲዮው አለ። ሙከራው ከአንድ ደቂቃ ተኩል እንዳይበልጥ አድርጉ፤ እናንተ እያወራችሁ ጓደኛችሁ ያፍስስ። ክፍሉንም አታታልሉ፦ «ይህ ትሪ ጦሳ አይደለም፤ የእግር መቆረጥ የሚያመጣውን ለውጥ ብቻ ነው የሚያሳየን» በሉ። መምህር በዚህች ቃል በጣም ደስ ይለዋል።

ሌላ ትምህርት የምትማሩም የሚመጣ ነገር አታጡም። ነርሲንግ የሚማር የደም ግፊት መለኪያውን ይዞ የጓደኛውን ክንድ ይለካ። ኮምቦልቻ ቴክስታይል የሚማር የጥጥና የፖሊስተር ክር ያምጣ፤ ጥጡ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ዐመድም ይሆናል፤ ፖሊስተሩ ግን ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጠብታ ይሠራል። እሳት ከመጫራችሁ በፊት ግን መምህሩን አስፈቅዱ። አካውንቲንግ የሚማር ደግሞ ስምና ቁጥሩን የሸፈነበትን እውነተኛ ደረሰኝ በየረድፉ ያዙር።

5. አሁን ስላይዱን ሥሩ

ለ7 ደቂቃ አምስት ስላይድ ይበቃል። የፊደሉ መጠን ከ28 አይነስ። በስላይዱ አናት ላይ «መንስኤዎች» ከሚል ቃል ይልቅ የምትሉትን ሐሳብ በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ፎቶ ከኢንተርኔት ከምታወርዱ ራሳችሁ ወጥታችሁ አንሱ፤ የት እንደተነሳ ከሥሩ ይጻፍ። ከሰው የወሰዳችሁት ቁጥር ወይም ሥዕል ካለ ምንጩ እዚያው ስላይድ ላይ ይታይ።

መደቡ ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን። ብዙ ክፍሎች መጋረጃ የላቸውም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ያ የሚያምር ጥቁር ሰማያዊ ስላይድ ምንም አይታይም።

አማርኛ ጽሑፍ ካለው በፒዲኤፍም አስቀምጡት። በድሮ የኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነገር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ፍላሽም አይታመንም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ሲወጣ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ ይዞ የመጣበት ስንቱ ነው። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ቴሌግራማችሁ ላይ፣ አንዱን የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ አድርጉ።

ፕሮጀክተር ከሌለ ወይም ካልተማመናችሁበት ሁለት ቅጠል ፍሊፕ ቻርትና ወፍራም ማርከር በቂ ነው። ለርዕሳችን የጦሳን፣ የአዝዋ ገደልንና በመካከላቸው ያለችውን ከተማ ቅርጽ በአንድ መስመር መሳል ይቻላል፤ ክፍል ፊት ቆሞ እየሳሉ ማስረዳት እንዲያውም ከስላይድ ይሻላል እላለሁ።

6. ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ በሰዓት ተለማመዱ

አልጋ ላይ ተኝቶ በልብ ማንበብ ልምምድ አይባልም። ማታ ባዶ ክፍል ፈልጉ፤ ጓደኛችሁ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥና ካልሰማ እጁን ያንሳ። የስልካችሁን ሰዓት ክፈቱ።

የመጀመሪያው ልምምድ 10 ወይም 11 ደቂቃ ይወጣል። መፍትሔው መፍጠን አይደለም፤ አንድ ሙሉ ነጥብ ቁረጡ። ልምምዱ 6 ደቂቃ ላይ ካለቀ በዕለቱ 7 ይሞላል፤ ክፍል ውስጥ ሰው ይስቃል፣ በር ይከፈታል፣ ሙከራው ይዘገያል። በወረቀታችሁ ላይ ጊዜ ካጠረ የሚዘለለውን ነጥብ አስቀድማችሁ አክብቡት። ቆማችሁ መወሰን ይከብዳል።

ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ዝም ብላችሁ በሐሳብ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሂዱበት። የሚጠፋችሁ ቦታ ካለ እዚያ ይታወቃል።

7. በግሩፕ ከሆነ

አምስት ሰው በ7 ደቂቃ ውስጥ ቢናገር ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም፤ ማይክ መቀባበሉ ራሱ ይጨርሰዋል። ሁለት ሰው ይናገር፣ አንዱ ሙከራውን ይሥራ፣ ሁለቱ ጥያቄ ይመልሱ፤ መምህሩ ሁሉም እንዲናገር ካዘዙ ግን መጀመሪያ ተነጋገሩና አስፈቅዱ። «አንተ ኢንትሮዳክሽን፣ አንቺ ኮንክሉዥን» ብሎ ተከፋፍሎ በዕለቱ መገናኘት ግን ለማንም አይጠቅምም። ሁሉም ሰው ሙሉውን ገለጻ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻውን ማቅረብ መቻል አለበት። አንዱ ቢታመም ገለጻው አይታመም።

8. የዕለቱ ነገር

ከ20 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ፕሮጀክተሩን አገናኙ፤ ላፕቶፓችሁ የድሮው ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለው ማገናኛው መኖሩን የምታውቁት ከአንድ ቀን በፊት ነው መሆን ያለበት።

ክረምት ደሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምታቀርቡ ከሆነ ዝናቡ ድምፃችሁን ይውጠዋል። አትጩኹበት፣ አትችሉትም። ወደ መሐል ረድፍ ገብታችሁ ቁሙ፤ በጣም ከበረታ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ ወይም ሙከራውን ያን ጊዜ አሳዩ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ክፍሉ ያንቀላፋል። ተራችሁ እዚያ ላይ ከወደቀ ትሪውን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አምጡት።

ረመዳን ከሆነ፣ ወይም እስከ ሰዓቱ የምትጾሙ ከሆነ፣ አፍ ይደርቃል። መምህሩን የጠዋቱን ተራ ጠይቁ፤ በእኛ አገር ይህን የማይረዳ መምህር አላየሁም። ስትናገሩ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ ድርቀቱን ይቀንሰዋል።

9. ስትቆሙ

ልብ ይመታል፣ እጅ ይቀዘቅዛል። አብሽሩ፤ ሰውነት ለትልቅ ነገር ሲዘጋጅ እንዲህ ነው፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ አብዛኛው ይበርዳል። ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ጊዜ በረጅሙ አየር አስወጡ፤ የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም።

ሰላምታ አይቀርም፤ ያለ ሰላምታ መጀመር እኛ ዘንድ ነውር ነው። ግን «እንደምን አደራችሁ» በቂ ነው። መምህሩን፣ ክፍሉን፣ የግሩፕ አባላቱን በየተራ ማመስገን 40 ሰከንድ ይበላል። ከዚያ በቀጥታ ጀምሩ፦ «በመስኮቱ ጦሳን ተመልከቱ» ወይም «ዛሬ ጠዋት ሐረጎን የወረዳችሁ እጃችሁን አውጡ።»

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ብዙዎቻችን ያደግነው ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው እየተባልን ነው፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» እየተባሉ። ይህ ጨዋነት ነው፤ አላቃልለውም። መምህሩን ማየት ከከበዳችሁ የጓደኞቻችሁን ፊት እዩ፤ ከግራ አንድ፣ ከመሐል አንድ፣ ከቀኝ አንድ ሰው ምረጡና አንዱን ዓረፍተ ነገር ለአንዱ፣ ቀጣዩን ለሌላው ስጡ። ድምፃችሁንም ለመጨረሻው ረድፍ ላኩት። ሰው እንዲሰማችሁ መናገር ጨዋነትን አያጎድልም፤ ሊያዳምጣችሁ የተቀመጠን ሰው ማክበር ነው።

ቃል ቢጠፋችሁ ዝም በሉ። ሁለት ሰከንድ ለእናንተ ዘመን ይመስላል፤ ለሚሰማው ግን ምንም አይደለም። ወረቀታችሁን እዩ፣ ቀጣዩን ቃል አንሡ፣ ሂዱ። «ይቅርታ፣ ረሳሁት» ማለት አያስፈልግም።

10. ጥያቄው

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ስሙ፤ ከዚያ በራሳችሁ ቃል ድገሙት። ለማሰብ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ከኋላ ላልሰማውም ይደርሳል። መልሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፤ ማብራሪያው ይከተል። ቅድም ያወጣችኋቸው ሠንጠረዦች አሁን ይጠቅማሉ።

የማታውቁት ሲመጣ «ይህን አላየሁትም፤ አይቼ እመልስልሃለሁ» በሉ። የተቀባባ መልስ መምህሩ ይለየዋል፤ ሐቀኛውን ግን ያከብራል። ጥያቄውንና የጠየቀውን ሰው ስም ወዲያው ወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ከመግባታቸው በፊት ወደ ጠያቂው ወንበር ሂዱና መልሱን ይዛችሁለት አጠገቡ ተቀመጡ።